ከጉርድ ሾላ 5 ኪሎ፣ በ11 ሰዓት

እኔ የምሠራበት ቢሮ 11 ሰዓት ላይ ይለቃል፤ የማታው ትምህርት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ቢሮው ጉርድ ሾላ ነው፣ ትምህርቱ 5 ኪሎ። ርቀቱ ከ10 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በሥራ ቀን ማታ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ዝናብ የጣለ ዕለትማ አይነሣ። እንግዲህ የማታ ተማሪ ገና ከቢሮው በር ሲወጣ አርፍዷል ማለት ነው። ቢሮጥም፣ ቢጋፋም፣ አለቃውን ለምኖ ዐሥር ደቂቃ ቀድሞ ቢወጣም ያው ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የሚያጋጥመው ነገር ሁሉ ለየብቻው ሲታይ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። የተዘጋ መስኮት፣ የቀረ መልስ፣ የጠፋ ወንበር፣ የተቆለፈ በር። ለዚህ ብሎ አቤት የሚል ሰው የለም፤ ቢልም «ይሄም ችግር ሆኖ?» ይባላል። እኔ ግን ችግር ነው እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ ለመማር የሚመጣ ሰው የቀረችው ጉልበት ትንሽ ናት። ከእሷ ላይ መንገዱ ይወስዳል፣ የተረፈውን የክፍሉ ግርግር ይወስዳል፣ መምህሩ «እሺ፣ እንጀምር» ሲል ለትምህርቱ የሚሆን ምንም አይቀርም። ውጤት ሲወጣ ደግሞ ተማሪው ሰነፍ ይባላል።

ከጉርድ ሾላ መገናኛ ድረስ ባቡርም ታክሲም አለ። ከአያት የሚነሣው የቀላል ባቡር መስመር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ክፍያው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለተማሪ ኪስ ከዚያ የተሻለ አልነበረም። የራሱ ሐዲድ ስላለው መንገዱ ቢዘጋም ባይዘጋም አይመለከተውም፤ ከመሪ፣ ከሲኤምሲ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ተሳፍሮ መሐል ከተማ የሚደርስ ልጅ ስንት ሰዓት እንደሚገባ አስቀድሞ መናገር ይችል ነበር። ለተማሪ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ፍጥነቱ እንኳ ሁለተኛ ይመጣል። መጀመሪያ ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከቆሙ ወዲህ ግን ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ጣቢያው ላይ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። በ11 ሰዓት ወደ መሐል ከተማ የሚሄደው ወደ አያት ከሚመለሰው ይልቅ ቀለል ያለ ነው፤ ቶሎ ከመጣ ከሁሉም ይሻላል፣ ካልመጣ የታክሲውም ጊዜ አብሮ ያልፋል። ብዙ ማታ የምመርጠው ታክሲ ነው። ቢያንስ ሲሄድ ይታያል።

የዚህ ጉዞ ዋናው ፈተና መገናኛ ነው። ምሥራቁን የከተማ ክፍል ከመሐሉ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ሁሉ እዚህ ይወድቃል፤ ከአያት፣ ከኮተቤ፣ ከቦሌ፣ ከ22 የመጣ ሰው እዚህ ወርዶ ሌላ ይይዛል። ሶፍትና ማስቲካ የያዘው ልጅ፣ በቆሎ የምትጠብሰው እናት፣ ልብሱን መሬት ላይ ዘርግቶ ዋጋ የሚጠራው ጎረምሳ፣ በእነሱ መሐል ደግሞ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሰልፍ። ወደ 4 ኪሎ የሚሄደው ሰልፍ ከሌሎቹ አጭር ነው። ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ግን አይንቀሳቀስም። ምክንያቱ ከቆሙበት ቦታ አይታይም። ማታ ማታ ሕዝቡ የሚጎርፈው ወደ ዳር፣ ወደ መኖሪያው ነው፤ ታክሲዎቹም የሚሻሙት እሱን ነው። ወደ መሐል ለሚሄድ ሰው የሚደርሰው ከ4 ኪሎ ተመልሶ የሚመጣው ታክሲ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀበና ላይ ተዘግቶበት ቆሟል።

ታክሲው ሲመጣ ሰልፉ ይላላል። ሰው ቦርሳውን ያጠብቃል፣ ስልኩን ወደ ውስጥ ኪሱ ይከታል። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ከመውረዱ በፊት ይጮኻል፦

«እስከ እንግሊዝ ኤምባሲ ብቻ! ቀጥታ የለም!»

«ታፔላህ እኮ 4 ኪሎ ነው የሚለው» አለች አንድ ማታ ከፊቴ የቆመች የነርስ ጋውን በክንዷ የያዘች ልጅ።

«እህቴ፣ መንገዱ ዝግ ነው። ከመሰለሽ ግቢ፣ ካልሆነ ለሌላው ልቀቂ።»

ከኋላችን የነበሩ አዛውንት ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ እዚያ አውርደኸን ሌላ ስንይዝ ሁለት ጊዜ ልንከፍል አይደል? ይኼ አግባብ ነው?»

«አባባ፣ እውነትዎን ነው። እኔም ገቢ አለብኝ።»

ስለ ታክሲ የሚያማርር ሰው ሁሉ ይህችን «ገቢ» ጠጋ ብሎ ቢያያት ደግ ነው። ብዙው ታክሲ የሾፌሩ አይደለም። ሾፌሩ በየቀኑ ለባለቤቱ የሚያስገባው የተቆረጠ ገንዘብ አለ፤ ነዳጁ ከዚያ ውጭ ነው፣ ለተራ አስከባሪው የሚከፈለውም እንደዚያው። ለእሱና ለረዳቱ የሚተርፈው ከዚህ ሁሉ በላይ የተገኘው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀበና ላይ አርባ ደቂቃ መቆም ለሁለቱም የራት ጉዳይ ነው። መስመሩን ቆርጠው አጭር ምልልስ የሚሠሩት፣ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ አራተኛውን «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚሉት ለዚህ ነው። ነዳጅ የጠፋ ሰሞን ደግሞ ግማሹ ታክሲ ማደያ ተሰልፎ ስለሚውል የቀረው ያሻውን ይላል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ረዳት ላይ መቆጣት ትቻለሁ። ቁጣዬ የሚሄደው የከተማ ትራንስፖርትን ያህል ነገር በአንድ ድሀ ረዳትና በአንድ ድሀ ተሳፋሪ መካከል በየማታው የሚፈታ ጠብ አድርጎ ወደተወው አሠራር ነው።

ያም ሆኖ ይገባል። የኋላው ወንበር ላይ አራት ሆነን፣ ቦርሳ ጭን ላይ፣ ጉልበት የፊተኛው ወንበር ብረት ላይ። እዚህ ነው የመስኮቱ ነገር የሚመጣው።

የአዲስ አበባን ታክሲ የማያውቅ ሰው ይህን ያጋነንኩት ይመስለዋል። ውጭ ዝናብ አባርቶ ብርድ አለ፤ ውስጥ እርጥብ ጃኬት የለበሰ ሰው ታጭቋል፤ መስታወቱ በእስትንፋስ ደፍርሷል። አንዱ ጠርዙን ይዞ ሁለት ጣት ያህል ከፈት ያደርገዋል። ወዲያው ከኋላ «ኧረ መስኮቱን!» የሚል ድምፅ ይነሣል። «ሳይነስ አለብኝ»፣ «ልጅ ይዣለሁ»፣ «ንፋሱ ጆሮዬን እየመታኝ ነው»። የከፈተው ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላው ትንፋሽ አጥሮት ይከፍታል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ብርድ የሚመታው ሰው ነገ ከሥራ ይቀራል፤ አየር ያጠረው ሰው ራሱን እያመመው ክፍል ይገባል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ሰሞን ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑና መስኮት ከፍተው እንዲሄዱ ታዝዞ ነበር፤ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። እጥፉ ጎድቶናል፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን ታክሲ ውስጥ መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ ይቻል እንደነበር አስታውሳለሁ። ክርን ማንሳት የሚያስችል ቦታ ነበር። ትእዛዙ ሲነሣ መስኮቱም ተዘጋ፣ መጽሐፉም ተዘጋ። አሁን ሃንድአውት ይዤ ብገባም የምይዘው ከሰው ኮት ጋር ተጣብቆ እንዳይቀደድ ደረቴ ላይ አድርጌ ነው። የጎረቤቴ ስልክ ደግሞ ያለ ማዳመጫ አንድን ቀልድ ደጋግሞ ያጫውታል። «ቀንሰው እባክህ፣ ወንድሜ» ለማለት ቃላቱ አፌ ላይ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ክፍል ውስጥ ለመናገር የማስቀምጠውን ድምፅ እዚህ ማባከን አልፈልግም።

ከዚያ ሂሳብ ይመጣል። ረዳቱ ብሩን ሰብስቦ ይቆይና መውረጃው ሲደርስ አንዱን ብር ለእኔ ይሰጠኛል፦ «ይቺን ከእሷ ጋር ተካፈሉ፤ ዝርዝር የለኝም»። «እሷ» ማለት አይቻት የማላውቅ፣ እንደኔው የቸኮለች ልጅ ናት። አብረን እንወርዳለን፣ አስፋልቱ ዳር ቆመን ሁለታችንም ቦርሳችንን እንበረብራለን። ሱቅ ገብቶ ማስዘርዘር ሌላ አምስት ደቂቃ ነው። አንዳንዴ እሷ «ተይው፣ ያዢው» ትላለች፣ አንዳንዴ እኔ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ከደሞዙ የትራንስፖርቱን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው ትንሽ ገንዘብ የሚባል ነገር እንደሌለው ያውቃል፤ ለእኔ የተወችልኝ ልጅም በማግስቱ ከዚያው ላይ ትከፍላለች።

ከእንግሊዝ ኤምባሲ ወዲያ መንገዱ በጭራሽ ካልሄደ በእግሬ እቀጥላለሁ። ይህን የጉዞውን ክፍል እወደዋለሁ። ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ሥራ በኋላ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ መብራትም አለው። ቀበናን ተሻግሬ ዳገቱን ስወጣ የቆመውን የመኪና ሰልፍ በእግሬ አልፈዋለሁ። 4 ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 ሐውልት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ልጆች ያስተማረው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፤ ወደ ላይ 5 ኪሎ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም፤ ከዚያም በላይ 6 ኪሎ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ቤተ መንግሥት። ያገሪቱ ትምህርት ትልቁ ክፍል በዚህ አንድ ዳገት ላይ ተደርድሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተማሪው ግን ከዚህ ዳገት ርቋል። በንጉሡ ዘመን ጎልማሶች ከሥራ በኋላ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» ትምህርት ቤት ገብተው ማታ ሲማሩ፣ ከተማዋ ራሷ ከጉለሌ እስከ ቦሌ የምታልቅ ነበረች፤ ሰው ከክፍል ወጥቶ ቤቱ በእግሩ ይገባ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ ግን ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ እያልን ወደ ዳር ወጣን። ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ እናቴ ዕጣ የደረሳት ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም። ቤቱ ሲሰጥ መንገዱ አብሮ አልተሰጠም እንጂ። አብራኝ የምትማር አንዲት ልጅ ደጃች ውቤ ሰፈር ነበር ቤታቸው፤ ከቤቷ ክፍል ዐሥራ አምስት ደቂቃ በእግር ትመጣ ነበር። ሰፈሩ ሲነሣ እነሱም ወደ ከተማዋ ደቡብ ዳር ሄዱ። አዲሱ ቤት ከቀድሞው ይሻላል ትላለች፣ ሽንት ቤቱ የራሳቸው ነው። እዚያ ሳለች የጀመረችውን ትምህርት ግን በሦስት ታክሲ እየመጣች ነው የምትጨርሰው። አርፍዳ ስትገባ መምህሩ ያያት የነበረው ድሮ በሰዓቷ ትመጣ የነበረችውን ልጅ አስቦ ነው፤ ተበላሸች ብሎ።

እንግዲህ ክፍል ደረስን። በሩ ተቆልፏል።

የምንማርበት ክፍል ቀን ለሌላ ፕሮግራም ያገለግላል፤ 10 ሰዓት ላይ ይጸዳና ይቆለፋል። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፤ ጥበቃው ተረኛ ቀይሮ ከሆነ ሌላው ጋ፤ ሌላው ጸሎት ወይም ራት ላይ ከሆነ ደግሞ መጠበቅ ነው። እየተንጋጋን ከመጣነው መካከል ቀድመው የደረሱት ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ያን ሁሉ ተጋፍቶ መጥቶ በር ላይ መቆም ሰውን እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል። በሩ ሲከፈት ደግሞ ወንበር የለም። ቀን የተማሩት ለፈተና ወደ ሌላ ክፍል አውጥተውታል። ስለዚህ የባንክ ሠራተኛው በከረባቱ፣ ነርሷ በቱታዋ፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነችው ጓደኛችን በረጅም ቀሚሷ፣ ሁላችንም ከጎረቤት ክፍል የክንድ መጻፊያ ያለው ወንበር እየተሸከምን እንመጣለን። ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት የሚያወጣው ጩኸት ከታች ፎቅ የሚማሩትንም ይረብሻል። ከተገኘው ወንበር ግማሹ መጻፊያው ተነቅሏል። መጻፊያ የሌለው የደረሰው ሰው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሦስት ሰዓት ይጽፋል። ግራኝ የሆነ ልጅ አለ ከእኛ ጋር፤ መጻፊያው ሁልጊዜ በቀኝ ስለሆነ ጎኑን አጣሞ ነው የሚቀመጠው። አንድም ቀን ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። የእሱ ዝምታ ከእኛ ሁሉ ማጉረምረም ይልቅ ያሳዝነኛል።

ፕሮጀክተሩ ሌላው ነው። ገመዱ አንድ ነው፣ ሦስት ክፍል ይጠቀምበታል። መምህሩ ሲያስፈልገው የክፍል ተወካያችን ፎቅ ለፎቅ ይሮጣል። ገመዱ ተገኝቶ፣ መብራት ሳይሄድ፣ ላፕቶፑ ከተስማማ ስላይዱ ይታያል፤ መምህሩም ስላይዱን ያነባል። በግልጽ ልናገር፤ ስላይዱን ማንበብ እኛም እንችላለን፣ ጠዋት በቴሌግራም ልኮልናል። ከአያት፣ ከጀሞ፣ ከሱሉልታ ድረስ የመጣነው ስላይዱ ላይ የሌለውን ልንሰማ ነው። አንድ መምህር ነበረን፤ ፕሮጀክተሩ እንቢ ሲል ማርከር ያነሣና ሥራ ላይ ያጋጠመውን አንድ ጉዳይ ሰሌዳው ላይ ይተነትናል። የዚያን ማታ ማንም ሰዓቱን አያይም ነበር። መምህራኑም ቀኑን ሙሉ ሲያስተምሩ ውለው ነው የሚመጡት፣ ደሞዛቸውም ኑሮውን አልቻለውም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን የደከመ መምህርና የደከመ ተማሪ የሚገናኙበት ሰዓት በመሆኑ ነው ይበልጥ መታሰብ ያለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መንገድ ላይ ሳለን የሚመጣው መልእክት ነው። 4 ኪሎ ደርሰህ፣ ዳገቱን ጀምረህ፣ ስልክህ ድምፅ ታሰማለች፤ «ሰላም ለሁላችሁ፣ መምህሩ ስላልተመቻቸው ዛሬ ክላስ የለም፤ ሜክአፕ እሑድ ጠዋት ይሆናል።» ተወካያችን ጥፋት የለበትም፤ የደረሰውን ነው ያስተላለፈው። መምህሩም ሰው ነው፣ ይታመማል፣ ለቅሶ አለበት። ነገር ግን 8 ሰዓት ላይ የታወቀ ነገር በዚያ ሰዓት ሲነገር ሠላሳ ሰው ወጪ አውጥቶ፣ ልጁን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ ከአለቃው ጋር ተጨቃጭቆ መንገድ ላይ ነው። እሑዱም ከዚያው ሰው ላይ ይወሰዳል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት፣ ልብስ የሚያጥብበት፣ እናቱን የሚጠይቅበት አንድ ቀን ነበረው።

ትምህርቱ የሚያልቀው ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከ2 ሰዓት ጀምሮ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው በአካል እንጂ በሐሳብ የለም። እስክሪብቶ ይሰበሰባል፣ ቦርሳ ይዘጋል፣ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ በጀርባ በር ትወጣለች፣ ከዚያ ሁለተኛዋ። መምህሩ ይህን ንቀት አድርጎ የሚወስድበት ጊዜ አለ። ንቀት አይደለም። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ መገናኛ ላይ የአያት ታክሲ ይሳሳል፤ የቀረው ታሪፉን ትቶ በቃል ይጠራል። ለወንዱ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ለሴቷ ሌላም አለበት። ሰልፉ ላይ የሚጠጋት ሰው አለ፣ «ቆንጆ፣ ልሸኝሽ?» የሚል አለ፣ ወርዳ እስከ ብሎኳ የምትሄድበት መብራት የሌለው መንገድ አለ። እኔን ወንድሜ አስፋልት ዳር ወጥቶ ይጠብቀኛል፤ ወንድም የሌላት ግን ብዙ ናት። ስለዚህ እኛ ሴቶቹ በመስመር በመስመር ተከፋፍለን አብረን እንወጣለን። የአያቶች አምስት ነን፣ የጀሞዎች ሦስት። አንዷ ከክፍል ስትነሣ ሌሎቹም የሚነሡት ለዚህ ነው፤ አንዷ ከቀረች ብቻዋን ትሄዳለች። አቴንዳንስ በመጨረሻው ሰዓት የሚያስፈርም መምህር ይህን ቢያውቅ ኖሮ በመጀመሪያው ያስፈርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ የምለው የጠየቀን መምህር ስላለ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ኮርስ የሰጠን መምህር የመጀመሪያው ቀን ላይ ስለ ኮርሱ ከመናገሩ በፊት ወረቀት አዞረ፤ ከየት እንደምንመጣ፣ ከሥራ ስንት ሰዓት እንደምንወጣ፣ በምን እንደምንመለስ እንድንጽፍ። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ዝም ብሎ ቆየና «11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ መድረስ የሚችል ከመካከላችሁ አራት ሰው ነው፤ እኔም አልችልም» አለን። በስምምነት መጀመሪያውን 12 ሰዓት አደረገው። የሻይ ሰዓቱን ተወው፤ የሚርበው ሰው ቆሎውን እየበላ እንዲከታተል ፈቀደ። ማታ 2 ሰዓት ከዐሥር ላይ ይለቀናል፤ የጎደለውን ደግሞ አንቀጽ እየመረጠ ቤት ይሰጠናል፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜም ይጠይቀናል። በዚያ ሴሚስተር የዘገየ ሰው አንድ ሁለት ቢሆን ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ሁሉም ነበረ። መንገዱ ያው ነበር፣ መስኮቱ ያው፣ መልሱ ያው፤ ከኛ የሚጠበቀው ግን መሆን የሚችል ነገር ሆነ። ያን ኮርስ እስከ ዛሬ በደንብ አውቀዋለሁ።

ያን መምህር ወደ ሌላ ፕሮግራም አዛወሩት። እኛ ግን በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ተሰብስበን ማመልከቻ ጻፍን፤ ከክፍላችን ሁለት ሰው ሲቀር ሁሉም ፈርሟል። የማታው ትምህርት 12 ሰዓት ላይ እንዲጀምርና 2 ሰዓት ከሩብ ላይ እንዲያልቅ፣ የክፍል መሰረዝ እስከ 9 ሰዓት ድረስ እንዲነገረን፣ የክፍሉ አንድ ቁልፍ ለተወካያችን እንዲሰጥ ጠይቀናል። ለግራኙ የሚሆን ወንበር እንጠይቅ ማለት ደግሞ የእኔ ሐሳብ ነበር፤ ልጁ «ይቅር፣ ይስቁብኛል» ቢልም ሌሎቹ ደግፈውት ገብቷል። ማመልከቻውን የተቀበሉን የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው «እኔም እኮ የቱሉ ዲምቱ ነኝ» አሉንና ማኅተም መቱበት። መልሱ ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት እንዲሰጠን ነው የጠየቅነው፤ አብረውኝ የሚሄዱት አራቱ የአያት ሴቶች ይመዝገቡ አይመዝገቡ የሚወስኑት በእሱ ነውና።